ሞተሩ ቢታገድ ገበያተኛው በምን ይሂድ? ስለ ጅማ ገጠር ትራንስፖርት ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጅማ ዙሪያ ገጠር ትራንስፖርት የወጣ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ አደጋውን የሚያመጣው የሹፌሩ ምግባር ነው፤ ባጃጅና ሞተር ከገጠር መንገድ ይታገዱ፤ የዓመቱ የተሽከርካሪ ምርመራ ይጥበቅ፤ ኮረኮንቹ ከተስተካከለ አደጋው ይቀራል፤ ለገጠር ሞተረኛ ሄልሜት ቅንጦት ነው፤ የተጎዳ ሰው በተገኘው መኪና ተፈትልኮ ሆስፒታል ይድረስ፤ ለየወረዳው ተጨማሪ አምቡላንስ ይገዛ። ቁጭታቸውን እንጋራለን። ከሰባቱ ሐሳቦች አብዛኞቹ ግን ግማሽ እውነት ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ እንዳሉ ከተተገበሩ ሰው ይገድላሉ። አንድ በአንድ እንያቸው።

«ችግሩ የሹፌሩ ምግባር ነው»

እዚህ ውስጥ ያለውን እውነት እናስቀድም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ አንድ አይሱዙ ቀን ጀንፈል (ያልተፈለፈለ የቡና ፍሬ) ሲሰበስብ ውሎ ሌሊት ይነዳል። ሹፌሩ እንቅልፉን በጫት ይገፋዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ምርቃናው ሲበርድ የተጠራቀመው ድካም አንድ ላይ ይመጣል፣ ያውም ሊነጋ ሲል፣ ገበያተኛው መንገድ ዳር በወጣበት ሰዓት። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነን።

ከዚያ ወዲያ ያለው ግን አያስኬድም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከሟቾቹ 92 በመቶው በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ያሉ ናቸው፤ እነዚህ አገሮች ያላቸው ተሽከርካሪ ግን ከዓለም 60 በመቶ ገደማ ነው። ልዩነቱ የምግባር ነው ካልን፣ የድሃ አገር ሹፌር ሁሉ ሲፈጠር ጀምሮ የከፋ ነው ልንል ነው።

ይልቅ ትርፍ የሚጫንበትን ሒሳብ እንይ። በገበያ ቀን ሰው የሚጓዘው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ጠዋት ወደ ገበያ፣ ከሰዓት ወደ ቤት። የሚመላለስ መኪና ግማሹን መንገድ ባዶውን ይነዳል፤ የባዶው ጉዞ ነዳጅ የሚወጣው ሞልቶ ከሚሄድበት ጉዞ ነው። ቅጣት ሲበዛ ሹፌሩ እንደ አንድ ተጨማሪ ወጪ ይቆጥረዋል። ረዳቱም ዘዴውን ያውቃል፦ ኬላው ሳይታይ ትርፍ ሰዎቹን ያወርዳል፣ ሰዎቹ በእግራቸው ኬላውን ያልፋሉ፣ ከኩርባው ወዲያ ተመልሰው ይወጣሉ። ቁጥጥሩ ተደረገ፣ ደረሰኙ ተቆረጠ፣ ጭነቱ አንድ ሰው አልቀነሰም።

ደግሞም የሚገለብጠው ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ ሰው የተቀመጠበት ቦታ ነው። በአማካይ 65 ኪሎ የሚመዝኑ 20 ሰዎች 13 ኩንታል ናቸው። 13 ኩንታል ወለል ላይ ሲሆንና ጆንያ ጫፍ ላይ ሲሆን መኪናው ሌላ መኪና ነው። የግራና የቀኝ ጎማው ርቀት 1.5 ሜትር የሆነ መኪና እንውሰድ። የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 1.2 ሜትር ላይ ከሆነ፣ ራዲየሱ 40 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ የመገልበጫው ወሰን በሒሳብ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ማዕከሉ ወደ 1.7 ሜትር ከፍ ሲል ወሰኑ ወደ 47 ይወርዳል። ይህ እንግዲህ መንገዱ ወደ ውጭ ካላዘመመ፣ ባሌስትራው (የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ስፕሪንግ) ካልተጋደመና ጭነቱ ካልተንሸራተተ ነው። በጅማ ዙሪያ ሦስቱም ስለሚኖሩ ትክክለኛው ወሰን ከዚህም ያንሳል። ትናንት ባዶውን በ50 ያለፈበትን ኩርባ ዛሬ ተጭኖ በ40 ሲሄድ የሚወድቀው ለዚህ ነው፤ ሹፌሩ «ቀስ ብዬ ነበር» ሲል ብዙ ጊዜ እየዋሸ አይደለም።

በጭነት መኪና ሰው መጫን ክልክል ነው፤ መከልከሉም ትክክል ነው። ሌላ የሚሄድ ነገር በሌለበት መንገድ ግን ሰው መውጣቱ ስለማይቀር፣ ቢያንስ እንዴት እንደሚጫን ይታወቅ። ከባዱ ጭነት ከታች፣ ከጋቢናው ጀርባ ተጠግቶ ይደረደራል፤ ቁመቱ ከስፖንዳው አይበልጥም፤ በሁለት ገመድ ተጠላልፎ ይታሰራል። ሰው የሚቀመጠው ከጭነቱ በስተኋላ፣ ወለሉ ላይ ነው። በጋቢናውና በጭነቱ መካከል ሰው ማስቀመጥ ትልቁ ስሕተት ነው፦ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ጆንያው ወደ ፊት ይሄዳል፣ መካከል ያለው ሰው ይደፈጠጣል። የኋላው ስፖንዳ መዘጋቱ ብቻ አይበቃም፤ መቀርቀሪያው በሽቦ ይጠመዘዝ። በሬና ሰው አንድ ላይ አይጫኑም። ቤንዚን የያዘ ጀሪካንና ሰው እንዲሁ። ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ከእህል ጆንያ አጠገብ ከተቀመጠ ደግሞ የጀሪካኑ ክዳን በመንገጫገጩ ይላላል፤ በቆሎው ላይ የፈሰሰው ሲደርቅ ምልክት ላይኖረው ይችላል። በዚያ መንገድ የተመረዘ ቤተሰብ ከትራንስፖርት አደጋ ተቆጥሮ አያውቅም።

«ባጃጅና ሞተር ከገጠር ይታገዱ»

ገበያው ከባጃጁ በፊት ነበር። የጅማው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ስሙ የታወቀው በንጉሡ በአባ ጅፋር ዘመን ነው፤ ያኔም ሰው በእግር፣ በፈረስና በበቅሎ ይጎርፍ ነበር። ዛሬ ሞተሩን ብታግዱት ምጥ የያዛት ሴት፣ አንድ ዘለላ ሙዝ የያዘ ገበሬና ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ቤታቸው አይቀሩም። አይሱዙው ጫፍ ላይ ይወጣሉ። እገዳው አደጋን ከትንሹ ወደ ትልቁ መኪና ያዛውራል፤ ባጃጅ ሲገለበጥ አምስት ሰው ይጎዳል፣ አይሱዙ ሲገለበጥ ሠላሳ።

ይልቅ ባጃጁ ለምን እንደሚወድቅ እንወቅ። የተሠራው ለሹፌሩና ከኋላ ለ3 ተሳፋሪ ነው። ሦስት እግር ያለው ነገር የሚቆመው በሦስት ማዕዘን ላይ ነው፤ የዚህ ሦስት ማዕዘን ሰፊው ወገን ከኋላ፣ ጠባቡ ከፊት ነው። ከሹፌሩ ግራና ቀኝ የሚለጠፉት ሁለት ሰዎች እንግዲህ የተቀመጡት ከሦስት ማዕዘኑ ውጭ ነው። ያለ ወንበር ብቻ ሳይሆን ያለ እግር ተቀምጠዋል። ሹፌሩ ኩርባ ውስጥ ገብቶ ፍሬን ሲረግጥ ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ልክ ወደ ጠባቡ ጫፍ፤ ባጃጁም በሁለት ጎማው ይነሣል። ስለዚህ ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ሳይጀምር፣ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ደግሞም የጎን ሰዎቹ ጉልበት የመሪውን እጀታ ይገድበዋል፤ ወደ ቀኝ የሚዞረው መሪ ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበት ነክቶ ይቆማል።

ሁለተኛው ነገር መንገዱ ላይ ያለው ቦይ ነው። ባለ አራት ጎማ መኪኖች ጠጠር መንገድ ላይ ሁለት ቦይ ይቆፍራሉ፤ በመካከላቸው ልል ጠጠርና ሣር ያለበት ጉብታ ይቀራል። የባጃጁ የኋላ ጎማዎች ቦዩ ውስጥ ሲሄዱ የፊቱ አንድ ጎማ በዚያ ጉብታ ላይ ነው የሚሄደው። ዝናብ ሲጥል ቀዩ አፈር ሳሙና ይሆናል፣ የፊት ጎማው ከጉብታው ተንሸራትቶ ወደ አንዱ ቦይ ይገባል፣ ባጃጁ ሳይታሰብ አፍንጫውን ያዞራል። ቦዩ ጠልቆ ከሆነ መላው ተሳፋሪውን አውርዶ ባዶውን ማሳለፍ ነው፤ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ዳገት ላይ ደግሞ ጉዳዩ ይገለበጣል፦ ከኋላ መቀመጫው ጀርባ፣ ሞተሩ ላይ አንድ ኩንታል ዱቄት ከተጫነ የፊቱ ጎማ ይቀልና መሪው አልታዘዝም ይላል። ጆንያ የሚቀመጠው ተሳፋሪው እግር ሥር፣ ወለሉ ላይ ነው።

ሞተር ላይ ደግሞ ትኩረት የሚነፈጋቸው ጉዳቶች አሉ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እግሩ ማሳረፊያ ስለማይደርስ ተረከዙ በጎማው ሽቦዎች መካከል ይገባል፤ ቆዳው ከአጥንቱ ተገፎ ይወጣል፣ ለወራት አይድንም። የነጠላ፣ የሻሽ ወይም የሂጃብ ጫፍ በሰንሰለትና በጎማ ተጠቅልሎ አንገት ያንቃል። ሁለቱንም የሚያስቀረው አንድ ነገር ነው፤ በኋላ ጎማው ግራና ቀኝ የሚታሰር ወንፊት ሽቦ ወይም ላሜራ። የአካባቢው በያጅ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። እግሩ ማሳረፊያው ላይ የማይደርስ ልጅ ግን ሽቦም ቢኖር በሞተር አይሄድም።

ባጃጅን በ3 ሰው ብቻ ይወሰን ስንል ታሪፉ በነፍስ ወከፍ እጥፍ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ መናገር ይሻላል። የባጃጅ ማኅበራቱ ባንድ ጊዜ የማይቀበሉት ከሆነ ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጡትን ሁለቱን ብቻ አስቀድሞ ማንሣት አብዛኛውን የመገልበጥ አደጋ ይቀንሳል ብለን እናምናለን። ኋላ አራተኛ ሰው መጨመር መጥፎ ነው፤ ፊት ላይ ሁለት መጨመር ግን ሌላ ዓይነት ነገር ነው።

«የዓመቱ ምርመራ ይጥበቅ»

ይጥበቅ፤ ማን ይጠላል። ግን ቦሎ በዓመት አንድ ቀን ነው፤ የፍሬን ሸራ በገጠር ቁልቁለት ከምርመራ እስከ ምርመራ ላይቆይ ይችላል። መኪናው በምርመራው ቀን ባዶ ነው፣ መሬቱ ሜዳ ነው፣ ፍሬኑ ቀዝቃዛ ነው። አደጋው የሚደርሰው ግን ተጭኖ፣ ቁልቁለት ላይ፣ በጋለ ፍሬን ነው።

ጠቅላላ ክብደቱ 7 ቶን የሆነ መኪና 500 ሜትር ከፍታ ቢወርድ፣ ለምሳሌ ወደ ጊቤ በረሃ ወይም ከዴዶ ደጋ ወደ ጅማ፣ የከፍታው ጉልበት አንድ ቦታ መግባት አለበት። ሞተሩ ካልያዘው በቀር ታምቡር (የፍሬን ሸራው የሚጫነው የጎማው ከበሮ) ውስጥ ይገባል፤ መጠኑም 100 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ሸራው ራሱ ፊቱ ይለሰልስና መያዝ ያቆማል፤ ሹፌሩ አጥብቆ በረገጠ ቁጥር ይብሳል። ከዚያ ዘይቱ ይፈላል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፤ ከአየር እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ወሰኑ ወደ 140 ይወርዳል። እንደ ጅማ ባለ እርጥብ አገር ይህ ቀስ እያለ የሚመጣ የማይታይ ጥፋት ነው። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ይጨመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው አይቆምም። ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ ይመለሳል፤ ከአደጋው በኋላ የሚመረምረው ሰው «ፍሬኑ ጤነኛ ነው» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፣ ጥፋቱም ተመልሶ ወደ ሹፌሩ ምግባር ይሄዳል።

መፍትሔው ሦስት ነው። ዘይቱ በሁለት ዓመት አንዴ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ ሲጎድል ላዩ ላይ መጨመር መቀየር አይደለም። ቁልቁለቱ ሊወረድ የሚገባው በወጣበት ማርሽ ነው፣ ጭነት ካለ ደግሞ በአንድ ዝቅ ብሎ፤ ማርሹ የሚገባው አፋፉ ላይ እንጂ መሐል ላይ አይደለም። ነዳጅ ለመቆጠብ ከማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ሞተሩ ሊይዘው የሚችለውን ሁሉ ለፍሬኑ ማሸከም ነው። ፍሬን የሚረገጠው ጠንከር ተደርጎ ፍጥነቱን ለማውረድ ነው፣ ከዚያ ይለቀቃል፤ እግር አሳርፎ እየጎተቱ መውረድ ያግላል። ከሸተተ ወይም ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ካለ ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው። በጋለ ታምቡር ላይ ውሃ መድፋት ግን ብረቱን ይሰነጥቀዋል።

ጠዋት ጠዋት አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ምርመራ ከዓመቱ ምርመራ ይበልጣል። የፍሬን ዘይቱ ልክ፤ በድንገት ከጎደለ የሚፈስበት ቦታ አለ። የጎማው የውስጥ ፊት፤ ረጥቦ ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው። ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉ ለ30 ሰከንድ ተረግጦ ይያዝ፤ ቀስ እያለ ከወረደ አይነሣም። በጎማ ቡሎኖቹ ዙሪያ የዝገት ጭረት ወይም የሚያብረቀርቅ ብረት ከታየ ልል ነው። የተሰበረ የባሌስትራ ቅጠል። ጎማው ሳይንቀሳቀስ መሪው ከአራት ጣት በላይ ባዶ ከዞረ ወደ መካኒክ። የተለበጠ ጎማ ፊት ላይ አይገባም፣ ኋላም ቢሆን በግድ ነው። ይህን ባለንብረቱ ሳይሆን መናኸሪያው ቢጠይቅ፣ ያም ከመውጫው በር ላይ፣ ይሠራል።

«ኮረኮንቹ ከተስተካከለ አደጋው ይቀራል»

በተቃራኒው ሊሆንም ይችላል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ብዙ ቀበሌ ክረምት ከበጋ የሚያስገባ መንገድ አግኝቷል፤ ጥቅሙን የሚክድ የለም። ግን ኮረኮንች ፍጥነት ይገታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሚጠቅሰው ስሌት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ገዳይ አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ ይጨምራል። እግረኛን በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር የገጨ መኪና በ50 ከገጨው ይልቅ የመግደል ዕድሉ 4.5 እጥፍ ነው። ድሮ በ25 ይሄድ የነበረ መኪና ዛሬ በ60 የሚሄድበት መንገድ ላይ ያው እግረኛ፣ ያው አህያ፣ ያው ጋሪ አለ።

መንገዱ ሲሠራ የሚጠየቀው እንግዲህ ጠጠር ብቻ አይደለም። መሐሉ ከዳሩ ከ4 እስከ 6 በመቶ ከፍ ይበል፤ ያለዚያ ውሃ መሐል ይተኛና ቦይ ይቆፍራል። እግረኛ የሚሄድበት ዳር ይተው። ከመንገዱ ሥር የውሃ ቱቦ ባለበት ቦታ ሁሉ ግራና ቀኝ ነጭ የተቀባ አጭር ምሰሶ ይቁም፤ በማታ ወደ ቱቦው አፍ የሚገባው ሞተረኛ ዳሩ የት እንደሚያልቅ አላየም። ከከባድ ዝናብ በኋላ ጭነት መኪና ለጥቂት ሰዓት ቢያዝ ቦዩም አይቆፈርም። እና ቡናው፦ አስፋልት ዳር የሚሰጣ ጀንፈል ግማሽ መንገድ ይዘጋል፣ መኪናውን ወደ ሌላው አቅጣጫ ያስወጣል። አቧራና የጎማ ጥላሸት ያለበት ቡና ጥራቱ ምን እንደሚሆን ለጅማ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ገበያተኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በጨለማ ይነሣል። ጥቁር የለበሰ ሰው በአጭር መብራት ከ30 ሜትር ወዲህ ነው የሚታየው፤ በ60 የሚሄድ መኪና ጠጠር ላይ ለመቆም ከ50 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ሒሳቡ ራሱ ሰው ይገድላል። በጋሪው ጀርባ፣ በአህያው ጭነትና በዘንቢሉ ላይ የሚለጠፍ አንጸባራቂ ፕላስተር ከሩቅ ያበራል።

«ሄልሜት ለገጠር ቅንጦት ነው»

ጸሐፊው የገጠር ሞተር ቀስ ስለሚል አያስፈልግም ይላሉ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር መውደቅ ከ3 ሜትር ተኩል ከፍታ በራስ እንደ መውደቅ ነው። 40 ሲሆን ከ6 ሜትር በላይ ይሆናል። በትክክል የተደረገ ሄልሜት የመሞት ዕድልን ከስድስት እጥፍ በላይ፣ የአንጎል ጉዳትን እስከ 74 በመቶ ይቀንሳል፤ ይህም የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥር ነው።

«በትክክል» የሚለው ቃል ግን ከባድ ነው። የግንባታ ቆብ ሄልሜት አይደለም፤ ከላይ ለሚወድቅ ድንጋይ የተሠራ ነው። ማሰሪያው በአገጭ ሥር ሁለት ጣት ብቻ ያስገባ። ታስሮ ሳለ ከኋላ ወደ ፊት ሲገፋ ከወለቀ አይሆንም። አንድ ጊዜ በከባዱ የወደቀ ሄልሜት ውጪው ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቋል፤ ሁለተኛ አያገለግልም። ተሳፋሪ የሚጠላው ቅማልና ላብ ስለሆነ ሞተረኛው ስስ የጨርቅ ቆብ ከሥር እንዲደረግ ቢያቀርብ ይለመዳል። ስስ ሂጃብ ከሥሩ ይሆናል፤ ወፍራም ቋጠሮ ግን ሄልሜቱን ያነሣዋል።

«የተጎዳ ሰው በተገኘው መኪና ይፈትለክ»

ከጽሑፉ ሁሉ በጣም ያሳሰበን ይህ ነው። ሰው ሲገለበጥ ያለውን ትዕይንት ሁሉም ያውቀዋል፦ አንዱ በብብት፣ አንዱ በእግር ይይዛል፣ ባጃጅ ውስጥ አጣጥፈው ይከቱታል፣ አንዱ ስኳር ውሃ ያጠጣዋል። በዚያች ሦስት ደቂቃ የአንገት አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሽባ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

መጀመሪያ መንገዱን ዝጉ፤ በሁለቱም ወገን 50 ሜትር ርቀት ላይ ሰው ወይም ቅርንጫፍ ይቁም። ሞተሩ ይጥፋ፣ ሲጋራ አይለኮስ። ከዚያ ደም። የሚፈሰውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ በሙሉ ክብደት መጫን ነው፣ ሳያነሡ፣ ቢያንስ አሥር ደቂቃ፤ «ቆመ እንዴ?» እያሉ መግለጥ የረጋውን ይነቅለዋል። በእጅ ወይም በእግር ላይ በመጫን ካልቆመ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከመገጣጠሚያ ውጪ፣ ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው የታጠፈ ነጠላ ይታሰርና በእንጨት ይጠምዘዝ። ገመድና ሽቦ ሥጋ ይቆርጣል። ሰዓቱ ግንባሩ ላይ ይጻፍ፤ ሐኪሙ ሳያየው አይፈታም። የተሰካ እንጨት ወይም ብረት አይነቀልም፣ ዙሪያው በጨርቅ ይደገፋል።

አይቶ የማይለየው ደም ደግሞ አለ። የተሰበረ ጭን ውስጡ ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ደም ሊይዝ ይችላል፤ ሱሪው ላይ ጠብታ አይታይም። የተሰበረው እግር ከጤነኛው ጋር በመካከሉ ጋቢ ተደርጎ ከላይና ከታች ይታሰር። ዳሌው ከተጨፈለቀ የጭኑ አጥንት ላይኛው ጫፍ በጎን ጎልቶ በሚዳሰስበት ከፍታ ላይ አንሶላ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ወገብ ላይ አይደለም።

ከዚያ ማንሣት። አንድ ሰው ራስጌ ተንበርክኮ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ከገላው መስመር ሳያስወጣ ይይዛል፤ ትእዛዝ የሚሰጠው እሱ ብቻ ነው። ሦስት ሰው ከአንድ ጎን ትከሻ፣ ዳሌና ጉልበት ይዘው በአንድ ቃል ያዞሩታል፣ አምስተኛው ሳንቃ ወይም የበር መዝጊያ ከሥር ያስገባል። ራሱን የሳተ ግን የሚተነፍስ ሰው በዚሁ መንገድ በጎኑ ይተኛ፤ በጀርባው ከተወ በገዛ ትውከቱ ይታፈናል። የወደቀው ሞተረኛ ሄልሜት አይወልቅም፣ መተንፈስ ካልከለከለው በቀር። የሚጠጣ ምንም አይሰጥም። ባጃጅ ለእነዚህ ሰዎች አይሆንም፤ ፒካፕ ላይ ፍራሽና ሳንቃ ይሻላል። ኮረኮንች ላይ በ30 መንዳት በ60 ከመንዳት ያድናል፤ መኪናው በእያንዳንዱ ጉድጓድ በተንገጫገጨ ቁጥር የተሰበረው አጥንት አጠገቡ ያለውን ደም ሥር ሊቆርጥ ይችላል።

ሹፌሮች የሚፈሩት የሕክምናው ወጪ ራሳቸው ላይ እንዳይወድቅ ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሁሉ የአስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አዋጁ ሲወጣ ወሰኑ 2,000 ብር ነበር። መናኸሪያ ግድግዳ ላይ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ቢለጠፍ ጥሎ የሚሸሸው ይቀንሳል።

«ለየወረዳው ተጨማሪ አምቡላንስ ይገዛ»

አምቡላንስ ያልተጠላ ነው፤ ግን የሚቆመው መንገዱ የሚያልቅበት ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም እናትን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ስልክ እስኪነሣ፣ ሹፌር እስኪገኝ፣ ነዳጅ እስኪሞላ ሰዓቱ ያልቃል። ሌላ መኪና ከመግዛት በፊት ላለው መኪና ጎማና ነዳጅ፣ ለሌሊትም ተረኛ ሹፌር ይያዝለት። የመውለጃዋ ጊዜ የቀረበ ሴት ጤና ጣቢያው አጠገብ ባለው የእናቶች ማቆያ አስቀድማ ብትገባ ደግሞ አምቡላንሱም ባላስፈለጋት ነበር።

ቀሪው የቃሬዛ ነገር ነው፤ ገጠሩ ወሳንሳ የሚለው። ጸሐፊው በኋላ ቀርነት ቆጥረውት አልፈዋል። እኛ ደግሞ በትክክል ከተሠራ በጅማ ዙሪያ ካሉ አምቡላንሶች ሁሉ ቀድሞ የሚደርስ እሱ ነው እንላለን። ሁለት ቀጥ ያሉ የባሕር ዛፍ እንጨቶች፣ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ከ50፣ ውፍረታቸው የእጅ አንጓ ያህል፤ በመካከላቸው 55 ሳንቲ ሜትር፤ ራስጌና ግርጌ አግዳሚ፤ ቋጠሮው ከውጭ በኩል። ስምንት ሰው ይመደባል፣ አራት አራት እየሆነ በየአሥር ደቂቃው ይቀያየራል፤ ቁመታቸው የተቀራረበ ቢሆን ይመረጣል። ሜዳና ቁልቁለት ላይ እግር ቀድሞ ይሄዳል፣ ዳገት ላይ ራስ ቀድሞ፤ በሁለቱም ጭንቅላቱ ከፍ ብሎ ይቆያል። ነፍሰ ጡር በጀርባዋ አትተኛም፤ ማሕፀኑ ትልቁን ደም ሥር ስለሚጫነው በግራ ጎኗ ትተኛ፣ ከጀርባዋ ጋቢ ተጠቅልሎ ይደገፍ። የወለደችና የምትደማ ከሆነች ደግሞ አንዷ ሴት ከጎኗ እየሄደች ሆዷን ከእምብርቷ በታች ታሻሽ፣ ማሕፀኑ እንደ ኳስ እስኪጠነክር፤ ሕፃኑ ጡት ላይ ይሁን። ተሸካሚዎቹ ከመነሣታቸው በፊት ቃሬዛው ላይ ከመካከላቸው ከባዱን ሰው አስተኝተው አንድ ጊዜ ያንሡት፤ ቋጠሮው የሚፈታ ከሆነ እዚያው ግቢ ውስጥ ይፈታ።